ከለንደን በፊት እናቴ ታየዋለች

ቦምቤይ፣ ጁን 9 ቀን 1983

ዝናቡ ዛሬ ገባ። የቢሯችን ደረጃ እንደ ወንዝ ይፈሳል፤ እኔ ግን ጫማዬን በእጄ ይዤ እየዘፈንኩ ነው የወጣሁት። ሚስተር ሃስኬት ከለንደን ደውሎ ቁርጡን ነገረኝ። ፊልማችን «የጨው ምድር ሙሽራ» በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ለንደን መሃል ባለው በራሱ ሲኒማ ቤት ይከፈታል። እሁድ ጠዋት በኪራይ አዳራሽ አይደለም። ለሕንዶች ብቻም አይደለም። ዓርብ ማታ፣ ከእንግሊዞቹ ፊልም እኩል፣ ስሙ በመብራት ተጽፎ!

ዕድሜዬን ሙሉ የለፋሁት ለዚህች ነው። ናይሮቢ ፊልም ሸጫለሁ፣ ዳሬሰላም ሸጫለሁ፣ አዲስ አበባ ቋንቋችንን የማያውቅ ሰው ዘፈናችንን ሲዘፍን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለንደን ግን ሁልጊዜ በጓሮ በር ነው የምታስገባን። አሁን በፊት ለፊቱ ልንገባ ነው።

ታሄር በደስታ አልዘለለም። ሸሪኬ ታሄር፣ ከኮሌጅ ጀምሮ ከአንድ ሳህን አብሮኝ የበላ ሰው፣ ሌላው ሲደሰት ቀዝቃዛ ውሃ መቸለስ ይወዳል።

«ጃሹ፣ የሰውየው ቅድመ ሁኔታ ገብቶሃል?» አለኝ። «አንድም የቪዲዮ ካሴት አይወጣም። እንግሊዝ አገር አንድ ካሴት ከታየ ውሉ ፈረሰ።»

«ገብቶኛል። ምነው እንደ ተማሪ ታስጠናኛለህ?»

«በሽታው ስላለ ነዋ! የስንቱ ፊልም ነው ሲኒማ ቤት ሳይደርስ ሳሎን ለሳሎን የዞረው?»

ተጨባበጥን። ለንደን እስኪከፈት ካሴት የሚባል አይቀዳም፤ ፊልሙ በትልልቅ ጥቅሎቹ ብቻ የፊልም ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ይቆለፍበታል። «እኔም፣ አንተም» ብሎ ሲጨብጠኝ ዓይን ዓይኔን ነበር የሚያየኝ። ምን አስቦ ነው እንዲህ የሚያየኝ?

ጁን 13

እማዬ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። አሁን ምን ይሻላል?

የኛ ቤት ሥርዓት የታወቀ ነው። ማንኛውም ፊልሜ ከአገር ከመውጣቱ በፊት እማዬ ታየዋለች። ትንሿ ማሳያ ክፍል ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ሲያልቅ በሩ ላይ ለመልካም ዕድል ኮኮናት ትሰብርና «በል ሂድ» ትለዋለች፤ ፊልሙን ነው የምትለው፣ እኔን አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ እሷ ለጸሎት ሩቅ አገር ሄዳ ሳለ ሳታየው ላክሁ። ናይሮቢ ላይ የደረሰብኝን ጠላቴም አይየው።

ለንደንን ያህል ነገር እሷ ሳታየው? አይሆንም!

ማጠቢያ ቤት የማውቀው ሰው አንድ ካሴት ቀዳልኝ። አንድ ብቻ። ለታሄር አልነገርኩትም። ምን ይነገራል? እናት አትቆጠርም። ካሴት አይወጣም ተባባልን እንጂ፣ እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ፊልም አታይም አልተባባልንም።

ጁን 16

እማዬ አየችው። ከላይኛው ፎቅ ማንጁላ መጥታ ዴኩን ከፈተችላት፤ እማዬ ቁልፍ መጫን አይሆንላትም። ሙሽራይቱ ጨው ሜዳው ላይ ብቻዋን የምትቀርበት ጋ ሲደርስ እማዬ ሻርፗን አፏ ውስጥ ከታ ስታለቅስ እኔም ፊቴን አዞርኩ። ኮኮናቱን ማንጁላ በረንዳው ጠርዝ ላይ ሰበረችው። «በል ሂድ» አለች እማዬ። እፎይ!

ከዚያ ተነፈሰችና «ይህቺን ሳርላ ብታያት» አለች። ሳርላ እህቴ ናት፤ እንግሊዝ አገር ሌስተር ከተማ ነው የምትኖረው።

«በሴፕቴምበር ለንደን ሄዳ ታያታለች» አልኳት።

«ባሏ ሱቁን ዘግቶ ይወስዳታል ብለህ ነው?»

ባሏ! እሱ ሰውዬ ሩዝና ምስር መመዘን ሰልችቶት፣ አሁን ደግሞ ካሴት ማከራየት ጀምሯል አሉ። ሽንኩርት መደርደሪያው ጎን! እኔ ፊልም ወደ ትልቅ ሲኒማ ቤት ለማስገባት ዕድሜዬን እጨርሳለሁ፣ እሱ ከድንች ጋር በከረጢት ይሰጣል።

ማንጁላም እዚያው ሌስተር ልትሄድ ነው፤ ልጇ ልትወልድ ነው። ቤታችን በሙሉ በዘይትና በቃሪያ የተነከረ ማንጎ ይሸታል፤ እማዬ ለሳርላ በማሰሮ በማሰሮ እያስጠቀለለች ነው። የማንጁላን ሻንጣ ሁለት ሴቶች ተቀምጠውበት ነው የዘጉት። እማዬን «ካሴቷን ቁም ሳጥንሽ ውስጥ አድርጊልኝ» አልኳት፤ «እሺ ልጄ» አለች። ካልጋ ለማትወርድ ሴት ደስ ያላት መስላለች።

ጁን 20

ቸኩያለሁ። ፊልሙ ላይ የሚሰፍረው የእንግሊዝኛ ትርጉም ጽሑፍ ከተዋናዮቹ አፍ ይቀድማል፤ እንደገና መሠራት አለበት። ሃስኬት ፎቶ ይፈልጋል፤ አሥር ጊዜ ልኬለታለሁ። ማንጁላ ትናንት በረረች። ጃንጥላዬ ጠፋ። ማን ወሰደው?

ጁን 26

ከተማው አብዷል! ለንደን ላይ በክሪኬት ዋንጫውን በላን። ሌሊቱን ርችት ሲተኮስ አደረ፤ ፖሊሶቹ ሳይቀሩ ይጨፍሩ ነበር። ምልክት ነው አልኩ ለኩሱም፤ መጀመሪያ ክሪኬት፣ ቀጥሎ እኔ። ኩሱም ሚስቴ «መጀመሪያ ሸሚዝህን ቀይር» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ታሄር ለእማዬ ጣፋጭ ይዞ መጣ። እሱ የረመዳን ጾም ላይ ነው፣ አይቀምስም፤ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ስትበላ ማየት ግን ይወዳል። እሱም «እማዬ» ነው የሚላት። ስገባ ሁለቱም ዝም አሉ። ዝም ነው የምላችሁ! እማዬ ጣፋጩን አፏ እንደያዘች ማኘኳን አቆመች።

ታሄር ወደ በረንዳ ወሰደኝ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጃሹ፣ ካሴት አስቀድተሃል?»

«እኔ? ምን ሲደረግ!»

«አንድም?»

«አንድም አልኩህ። ምነው፣ ምን ሰማህ?»

ትክ ብሎ አየኝ። አንድ ነገር እንድለው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ «እሺ» ብሎ ጃንጥላውን ይዞ ወረደ።

ይሄ ጥያቄ ከየት መጣ? ሰው ዝም ብሎ ስለ ካሴት አይጠይቅም። ነገር አለ። እናቴንስ ምን እያላት ነበር?

ጁን 29

ታሄር ለጸሎት ወጥቶ ሳለ የቢሮው ስልክ ጮኸ፤ አነሳሁት። ኦፕሬተሯ ነች። «ሚስተር ታሄር ያስያዙት የእንግሊዝ መስመር ተገኝቷል፤ ሌስተር ይነጋገሩ» አለችኝ። ሃሎ ሃሎ ስል ተቋረጠ።

ሌስተር? የኛ ሰው ለንደን ነው ያለው። ሌስተር ማን አለን? ካሴት የሚነግዱ ሕንዶች እንጂ! እህቴ የምትኖርበትን ከተማ እንኳ አልማራትም።

ሲመለስ «የደወለልኝ ሰው ነበር?» አለኝ። «የለም» አልኩት። የሚዋሽ ሰው ፊት እንዴት እንደሆነ ለማየት ብዬ ነው። ምንም አላገኘሁበትም፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።

ጁላይ 4

ሃስኬት ደወለ። ድምፁ እንደ በረዶ ነው። ሌስተር ያሉ ሕንዶች ፊልማችሁን ቤታቸው እያዩ ነው ብለው ነገሩኝ፣ እውነት ነው ወይ? አለ። ውሸት ነው፣ ምቀኞች ናቸው፣ ካሴት የለም፤ በእናቴ እምላለሁ አልኩት። «አጣራና አሳውቀኝ፤ እውነት ከሆነ አልከፍትም» ብሎ ዘጋው።

ለንደን ከእጄ ሊወጣ ነው። ማን ነው? ማን ነው የሸጠኝ?

ጁላይ 5

እንቅልፍ የለም። አንድ በአንድ ላስብ።

ማጠቢያ ቤቱ? የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸው፤ የፊልሙን ጥቅሎች ነካ ያደረገ የለም ብለው በልጆቻቸው ማሉልኝ። ፊልሙን ቆርጦ ያቀናበረው ሰውዬ? እሱ የራሱን ቤት ቁልፍ እንኳ የሚረሳ ነው። የተሰረቀ ካሴት ሁሉ የሚፈላው ዱባይ ነው፤ ይሄን በሙያችን የማያውቅ የለም። ዱባይ ማን አለ? የታሄር ታናሽ ወንድም። ጨርቅ ነው የሚሸጠው ይላሉ። ማን አየው?

ሌስተር የደወለ ማን ነው? ታሄር። ከማንም በፊት ስለ ካሴት የጠየቀኝ ማን ነው? ታሄር። ካሴት እንዳይቀዳ ያስማለኝስ? እኔን አስሮ እሱ ሊሸጥ ነው? አባቴ የሞተ ጊዜ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። እፈር ጃሹ፣ እፈር! ግን ደግሞ፣ ሰው እንደሚለወጥ አላውቅም? ሃይማኖታቸውም፣ ዘመዳቸውም፣ ሁሉ ነገራቸው ባህር ማዶ ነው ይሉ ነበር አጎቴ። እኔ ሳልሰማቸው ኖርኩ።

ኩሱም ነቅታ መብራቱን አየች። «የሂና አባት፣ ለእማዬ ያስቀዳሃት ካሴትስ የት ናት?» አለችኝ።

«ቁም ሳጥኗ ውስጥ ነቻ!»

«አይተሃታል?»

«እናቴን ልፈትሽ ነው የምትይኝ? ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ!»

«እኔ የት ናት ነው ያልኩህ» ብላ ፊቷን አዞረች። አንዳንድ ጊዜ ይቺም ሴት ለማን እንደምታግዝ አላውቅም።

ጁላይ 9

ዛሬ ታሄርን ተከተልኩት። አፌን ሞልቼ አልናገረውም፣ ግን ተከተልኩት። የኩሱምን አበባማ ጃንጥላ ይዤ ከበስተኋላው ስሄድ የፍራፍሬ ሻጯ «እሜቴ፣ ማንጎ አይፈልጉም?» ብላ ሳቀችብኝ። ታሄር የሄደው ወደ ባህር ማዶ ስልክ ቤት ነው። ቢሮ ስልክ እያለለት! ከእኔ ተደብቆ! መስታወቱ ላይ ጤዛ አለ፤ ግን አፉ ይታያል። ይለምናል። እጁን እንዲህ እያደረገ ይለምናል። ዋጋ እየተከራከረ ነው አልኩ በልቤ።

ሲወጣ ግድግዳውን ተደግፎ ትንሽ ቆመ። ጾሙ ነው መሰለኝ፤ አመድ መስሏል። ልጠራው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ መለስኩት።

ጁላይ 12

የታሄር ሚስት ለዒዳቸው እንደ ወትሮው በወተትና በለውዝ የተቀቀለውን ጣፋጭ ላከች። አልቀመስኩም። እማዬ ሁለት ሳህን በላች።

«እማዬ፣ ፊልሟን ድጋሚ ልክፈትልሽ?» አልኳት።

«ተው ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል።»

አምና የወጣውን ፊልሜን ስንት ጊዜ ነው ያየችው! አሁን ዓይኔን አታይም፣ ግድግዳውን ታያለች። ታሄር በሹክሹክታ ከእናቴ ሊለየኝ ነው እንዴ? ምን ብሎ ሞልቷት ነው?

ጁላይ 16

ተናገርኩት። ተገላገልኩ፤ ነው ልበል?

ቢሮውን ዘጋሁና «ስንት ሸጥከው?» አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ቁጭ አለ።

«ሌስተር ደውለሃል። ስልክ ቤት ገብተህ ደውለሃል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ደውያለሁ» አለኝ። በቃ፣ እንዲህ አለ! አልካደም!

«ለማን?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከለ።

«ለማን ነው የምልህ! ወንድምህ ከዱባይ ልኮት ለተቀበለው ሌባ ነው?»

«ወንድሜን ተወው፤ ጨርቅ ነው የሚሸጠው።»

«እናንተ መቼም ካገር ይልቅ ዘመድ ነው የምታስበልጡት!»

ይሄ ከአፌ ወጣ። ታሄር ቀና ብሎ አየኝ።

«እኛ እነማን ነን፣ ጃሹ?»

ደሜ ፈልቶ ነበር። ደግሞ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

ቁልፎቹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ የቢሮውን፣ የማጠቢያ ቤቱን፣ የኔን ቤት ቁልፍ ጭምር። የኔ ቤት ቁልፍ እሱ ጋ እንደነበረ ረስቼው ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ «እማዬን እንዳታስጨንቃት» አለኝ።

እማዬን ምን አገናኛት? ጥፋተኛ ሰው ነገር ሲያስቀይር እንዲህ ነው።

ጁላይ 23

ሃስኬት ሰረዘው። የሆነ ሰው ካሴቷን ከሌስተር ገዝቶ ወስዶ አሳይቶታል። «እሁድ ጠዋት አዳራሽ ከፈለጋችሁ ሰው አገናኛችኋለሁ» አለኝ። እሁድ ጠዋት!

አለቀስኩ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ።

ኦገስት 1

በሙያችን ሰፈር ያልነገርኩት ሰው የለም። ታሄር ነው፣ ወንድሙ ዱባይ ነው እላለሁ። «እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ይሉኛል። ከጁላይ በፊት አንድም ቀን ጠርጥረው የነገሩኝ አልነበሩም። አንዱ፣ ታሄር የመጀመሪያውን ፊልሙን ቤሩት ድረስ ተሸክሞ የሸጠለት ሰው፣ «እነሱ እኮ» ብሎ ጀመረና ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። ሻዩ መረረኝ።

እማዬ «ታሄር የት ጠፋ?» ትላለች በየቀኑ። ሥራ በዝቶበት ነው እላታለሁ።

ኦገስት 14

ማንጁላ ተመለሰች። ምነው ባትመለስ!

ደረጃው ላይ አገኘኋት፤ ቸኮሌት ይዛ፣ ሹራብ ለብሳ፣ ወፍራ። ገና ስታየኝ ሁለት እጇን ዘርግታ ጮኸች። «ጃሹ! ዕድሜህ ይርዘም! ሌስተርን አስለቀስካት እኮ!»

«ምን አልሽ?»

«ፊልምህ ነዋ! እማዬ ለሳርላ የላከቻት ካሴት! እኔ ማንጎው መሃል ጠቅልዬ፣ ዘይቱ እንዳይነካት በሁለት ሻርፕ አድርጌ ነው የወሰድኳት። ሳርላ አይታ ስታበቃ ጎረቤቶቿ ባሏን አስቸገሩት፤ ሰዉ እስከ ሽንኩርቱ ድረስ ተሰልፎ! አንድ ካሴት ለማን ይበቃል? አባዛው እንግዲህ። ልጄን ያዋለደቻት እንግሊዛዊት ነርስ እንኳ ከኛ ጋር አይታ አለቀሰች፤ አንዲት ቃል አይገባትም እኮ! እናትህ ትልቅ ሴት ናት። አልጋ ላይ ተኝታ ሕንድን ለእንግሊዝ አሳየች!»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ደም ግፊት መስሏት ውሃ ልታመጣ ሮጠች።

እማዬ ክፍል ገባሁ። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩት። የካሴቷ ልባስ አለ፤ ውስጡ የጸሎት መዝሙር ካሴት ነው።

«እማዬ፣ ለምን?»

መጀመሪያ ግድግዳውን አየች። ከዚያ ተቆጣች፤ «ምን አጠፋሁ? አንተ ፊልሙን እንግሊዝ አገር ለማሳየት አይደል እንዴ የምትለፋው? እኔም በበኩሌ ላክሁልህ። ለገዛ እህትህ! ሲያልቅ መልሺልኝ ነው ያልኳት።»

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምናለበት?»

«ለታሄር ነገርኩት እኮ፤ ደስ ይለዋል ብዬ። የክሪኬቱ ጊዜ። እሱ ደነገጠ። 'እማዬ፣ ለጃሹ እንዳትነግሪው፤ እሱ ቱግ ባይ ነው፣ አንቺ ደግሞ ልብሽ ደካማ ነው፤ እኔ ከሳርላ ዘንድ ለምኜ አስመልሳታለሁ' አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ለመሆኑ አገኛት ወይ? የት ጠፋብኝ እሱ ልጅ?»

ምን ብዬ ልመልስላት! «ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳት።

ኩሱም በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መጥታ የቁም ሳጥኑን በር ዘጋችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኦገስት 17

ታሄር ቤት ሄድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ምን እንደምለው ሳስብ ነበር፤ አንዱም አልሆነም። ሚስቱ በር ከፈተችልኝ፣ ፎጣ ሰጠችኝ፣ ሻይ አመጣች፣ ከዚያ ወጣች። ሌላ ጊዜ ብትሆን ስለ ልጄ ስለ ሂና ትምህርት ሳትጠይቀኝ አትለቀኝም ነበር።

ታሄር ከስቷል። መሬቱ ላይ እንደ ድሮው ትይዩ ተቀመጥን።

«ማንጁላ መጣች» አልኩት።

«ኧረ? ልጇ በሰላም ተገላገለች?»

«ታሄር፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠየቅሁህ እኮ። በረንዳው ላይ። 'አስቀድተሃል?' አልኩህ። አዎ ብትለኝ አብረን እንፈልጋት ነበር።»

«ሌባ ስልህስ? ያኔስ ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር ወዴት ነበር የምትሮጠው? ያን ቀን እኔ ላይ እንደጮህከው እሷ ላይ ብትጮህ ምን ትሆናለች? ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል።»

እግሩ ላይ ወደቅሁ። እውነቴን ነው፣ ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። ብድግ አደረገኝ።

«ይቅር ብያለሁ። እሱ አልቸገረኝም።»

«እንግዲያው ሰኞ ቢሮ ና!»

«አልመጣም ጃሹ።»

«ይቅር ብያለሁ አልክ አይደል?»

«ብያለሁ። ግን ካሴት እቤትህ እንዳለ እያወቅህ ወንድሜን ነው የጠረጠርከው። ያንን ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ልል አልችልም።» ሻዩን አማሰለ። «አሁን ለሰዎቹ ትነግራቸዋለህ? ታሄር አይደለም ብለህ?»

ልነግራቸው ነበር አመጣጤ። በአምላክ ስም፣ ልነግራቸው ነበር። ግን ታዲያ ማን ነው? ሲሉኝ ምን እላለሁ? ካሴት ያስቀዳሁት እኔ ነኝ ልል? ለእናቴ ላሳየው እንጂ ልሸጠው አይደለም ብዬ? ሃስኬት ጋ ይደርሳል፣ ሁለተኛ ማን ያምነኛል? እማዬም ትሰማለች። አዎ፣ እማዬ ትሰማለች፤ ዋናው እሱ ነው።

«እማዬ ጆሮ ከደረሰስ?» አልኩት።

ታሄር ትንሽ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም።

«ለእሷ ብለህ ነው?»

«ለእሷ ብዬ ነው።»

«እሺ» አለ። ከዚያ ጫማዬን እያቀበለኝ፣ «እሷን መጠየቅ ግን አልተውም። ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ። አንተ የዚያን ጊዜ ቢሮ ሁን» አለኝ።

ኦገስት 24

ቢሮ ነኝ። ሥራ የለም።

ጠዋት አንድ ፊልም ሠሪ መጥቶ ፊልሙን ወደ ባህረ ሰላጤው አገሮች እንድሸጥለት ጠየቀኝ። «ያን ሰውዬ ማባረርህን ሰምቼ ነው የመጣሁት፤ አሁን ይታመናል ብዬ» አለኝ። ሻይ አዘዝኩለት። ስለ ታሄር ምንም አላልኩም። ለእማዬ ስል ነው፤ ይሄን እዚህም ጽፌ ላኑረው።

ኩሱም ቅድም ደወለች። እማዬ ከትራሷ ቀና ብላለች፣ እየሳቀች ነው፣ ምን እንደሚያወሩ እንጃ አለችኝ። ከበስተኋላ የታሄር ድምፅ ይሰማኛል። የሆነ ነገር ይተርክላታል፤ እማዬ «ውሸታም!» ትለዋለች። «ስልኩን አትዝጊው» አልኳት ኩሱምን። ትንሽ ቆየችና ወጥ ጥጃለሁ ብላ ዘጋችው።

ዝናቡ ቆሟል። ጃንጥላ ሳልፈልግ በእግሬ ቤቴ መድረስ እችል ነበር። ግን ገና ነው፤ ታሄር እናቴ ጋ ነው።